ጠረባና አብዶ፦ በጎንደርና በሰሜን ደጋዎች የኃይልና የጥበብ አጨዋወት

በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋዎች አጨዳው አልቆ እህሉ ከአውድማ ወደ ጎተራ ሲገባ ባዶ የቀረው ማሳ ለጥቂት ሳምንታት የወጣቶች መጫወቻ ይሆን ነበር። ታኅሣሥ 29 ቀን የልደት በዓል ሲውል ጎረምሳውና ጎልማሳው ጫፉ ቆልመም ያለ በትሩን ይዞ ይወጣል፤ መንደር ከመንደር፣ የላይ ሠፈር ከታች ሠፈር ይገጥማል። የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ ሜዳው በኖራ አይሰመርም፤ ሰዓት የሚቆጥር ዳኛም የለም። ከእንጨት ተድቦልቡሎ ወይም ከጠፍር ተጠቅልሎ የተሠራችውን ኳስ ከተጋጣሚው ወሰን አሳልፎ የመታ ወገን ያሸንፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ጨዋታው ያበቃል፤ የአሸናፊው ጭፈራና የተሸናፊው መተረብ ግን እስከ ማታ ይዘልቃል።

በዚህ ጥንታዊ ጨዋታ ውስጥ ሁለት ዓይነት ተጫዋች ይታይ ነበር። አንደኛው ጉልበቱን ተማምኖ በትሩን እያወናጨፈ ግር ብሎ የሚገባ፣ ቅልጥም ቢመታም ቢመታበትም ወደ ኋላ የማይል ነው። ሁለተኛው ከግርግሩ ዳር ቆሞ የሚጠብቅ፣ ኳሷ ከትርምሱ ስታፈተልክ በበትሩ ቆልማማ ጫፍ ቀለብ አድርጎ እያንከባለለ ከአሳዳጆቹ የሚያመልጥ ነው። መንደርተኛው ለሁለቱም ያጨበጭባል፤ ምሽት እሳት ዳር ሲጨዋወት ግን የመጀመሪያውን በጀግንነቱ፣ ሁለተኛውን በብልኃቱ ለይቶ ያነሣቸዋል። እግር ኳስ ወደ ደጋው ከመድረሱ አስቀድሞ ኃይልንና ጥበብን በአንድ ሜዳ ላይ አመዛዝኖ የሚፈርድ ተመልካች በዚህ መልክ ተፈጥሮ ነበር።

ገና የራሱ ሕግ ነበረው፤ ሕጉም ያልተጻፈ ነበር። በገና ዕለት ጌታ እንደማይቆጣ አበው በምሳሌ ተናግረዋል። የባላባቱ ልጅ ከጭሰኛው ልጅ ጋር እኩል ይሰለፋል፤ በትር ቢያርፍበት ቂም አይዝም፣ ለክስም አይሄድም። በዓመቱ ውስጥ ቀና ብሎ ጌታውን ማየት የማይደፍር ሰው በዚያች ዕለት ተጋፍቶ ይጥለዋል። በመደብ በተከፋፈለው የቀድሞው ኅብረተሰብ ይህ ለአንድ ቀን የተፈቀደ እኩልነት መሆኑ አይዘነጋም፤ በማግስቱ ሁሉም ወደየነበረበት ይመለሳል። ይሁንና ሻካራው ጨዋታ ጥላቻ ሳይወልድ የሚያልፍበት ሌላም ምክንያት ነበር። የተጋጩት ጎረምሶች በማግስቱ በደቦና በወንፈል የሚገናኙ፣ አንዱ ያለ ሌላው ማሳውን ማረስም ሆነ ማጨድ የማይችል ጎረቤቶች ናቸው። ይቅርታው በልማድ ብቻ የጸና ሳይሆን በሥራ የታሰረ ነበር። ይህ ነጥብ ወደ እግር ኳስ ሲመጣ ትልቅ ትርጉም አለው።

ዘመናዊው እግር ኳስ በኢትዮጵያ ከተሞች የተስፋፋው በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ግድም ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲመሠረት የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ተጀምሮ ነበር። ወራሪው ኃይል ጎንደርን ይዞ የአማራ ግዛት ብሎ ለሰየመው አስተዳደር መቀመጫ አደረጋት፤ ከተማዋም ከኢጣሊያኖች እጅ በመጨረሻ ከወጡት አንዷ ሆና በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። በወረራው ዘመን የዘር ሕግ የሰውን ኑሮ ሁሉ ለያይቶ ስለ ነበር ኢትዮጵያዊው ወጣት ከነጩ ጋር በአንድ ሜዳ በእኩልነት እንዲሰለፍ አልተፈቀደለትም። ጨዋታውን ከዳር ሆኖ አየ፤ ቃላቱንም ከዳር ሆኖ ሰማ።

ቃላቱ ታሪኩን ይመሰክራሉ። ማልያ፣ ታኬታና ሪጎሬ ከኢጣሊያንኛ ገብተው በአማርኛ የቀሩ የሜዳ ቃላት ናቸው። ከእነዚህ ይልቅ የሚያስገርመው የሁለት ሌሎች ቃላት ዕጣ ነው። በኢጣሊያንኛ ካልቾ ማለት ርግጫ ሲሆን የእግር ኳስም መጠሪያ ነው፤ ቴስታ ማለት ራስ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ሁለቱን ቃላት ተቀብሎ ለሜዳውም ለጠቡም አዋላቸው። ሰው ሰውን በእግሩ ሲመታ «በካልቾ መታው» ተባለ፤ በግንባሩ ሲገጨው «በቴስታ አለው» ተባለ። በአንጻሩ ባላጋራን ከእግሩ ሥር አጭዶ መጣልን የሚያመለክተው ጠረባና አደናቅፎ መጣልን የሚያመለክተው ጥልፍ ከግብግብ ዓለም ወጥተው ከኳስ ሜዳ ደረሱ። ቋንቋው ራሱ በጨዋታና በጠብ መካከል ያለው አጥር ምን ያህል ቀጭን እንደ ነበር ያሳያል። ተጋጣሚን በእግር ቅልጥፍና ማታለልን ግን ሕዝቡ አብዶ ብሎ ለይቶ ጠራው፤ ይህ ቃል ወደ ጠብ መንደር አልወረደም።

አጨዋወትን የሚወልደው የተጫዋቹ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ተጨባጩ ሁኔታም ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ግድም ላይ ይገኛሉ። በጎንደር ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። በዚህ አየር የተመታ ኳስ ርቆ ይሄዳል፤ ያልለመደው እንግዳ ተጫዋች ደግሞ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሜዳው በበጋ አቧራና ኮረት፣ በክረምት ጭቃ ነው። በኮረት ላይ ኳስ ወዴት እንደምትነጥር አይታወቅምና ተከላካዩ ኳሷን ከመጠበቅ ይልቅ ሰውየውን መጠበቅ ይቀለዋል፤ ጠረባ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። የቆዳው ኳስ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ በቴስታ መምታት ራሱ ድፍረት ይጠይቃል።

የጥበቡ ምንጭ ደግሞ ከጠባቡ መንደር ነው። ከአሮጌ ካልሲና ከቡትቶ የተሠራችውን የጨርቅ ኳስ በድንጋይ አጥሮች መካከል በባዶ እግሩ የሚያንከባልል ሕፃን ኳሷን ከእግሩ ካራቃት ያጣታል። የጨርቅ ኳስ አትነጥርም፤ ስለዚህ በእግር አጠገብ መንዳትን ታስተምራለች። ባዶ እግሩን የሆነ ልጅ ጫማ ካደረገው ጋር ሲገጥም ዞር ማለትና መዝለል የሚማረው ለጌጥ ሳይሆን ለእግሩ ጣቶች ሲል ነው። አብዶ በመሠረቱ የደካማው መከላከያ ነበር፤ ውበቱ በኋላ የመጣ ነው።

ከዚህ ከተማ ከተገኙት የኳስ ጥበበኞች ሁሉ ስሙ ገኖ የሚነሣው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ግድም በጎንደር የተወለደው መንግሥቱ ወርቁ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስና በብሔራዊው ቡድን አጥቂነት የተጫወተው መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ውድድሮች በድምሩ 10 ጎሎችን በማስቆጠሩ ስሙ በአህጉሪቱ የታላላቅ ጎል አግቢዎች መዝገብ ውስጥ ሠፍሯል።

የዚያ ትውልድ ታላቅ ቀን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር። ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ በሆነችበት የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 እና በ1951 ዓ.ም. በግብጽ ቡድን 4 ለ 0 ተሸንፋ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ ሲካሄድ በይድነቃቸው ተሰማ የሚሠለጥነው ቡድን ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፎ ለፍጻሜ ቀረበ፤ የጠበቀውም ያው ባላጋራ፣ በወቅቱ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም የሚጫወተው የግብጽ ቡድን ነበር። ግብጾች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ኢትዮጵያውያን በግርማ ተክሌና በአምበሉ በሉቻኖ ቫሳሎ ጎሎች ሁለት ጊዜ ተከትለው አቻ ሆኑ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቆጠሩ። 4 ለ 2። አንድ መቶ ሃያ ደቂቃ በተካሄደው በዚያ ትግል ድሉን ያመጣው ሁለት ጊዜ ተመርቶ ያለ መንበርከክ ጽናትና የጎሉን መንገድ የሚያይ ጥበብ በአንድነት መገኘታቸው ነበር።

በዚያ ቀን በሜዳው ውስጥ ያልነበረ አንድ ነገር አለ፤ ቢጫና ቀይ ካርድ። ዳኛው በቃል ይገሥጻል፤ ሲብስም በእጁ ምልክት ያስወጣል። ማስጠንቀቂያው ለተመልካቹ አይታይም፤ ብዙ ጊዜም በቋንቋ አለመግባባት ለተጫዋቹ ራሱ ግልጽ አይሆንም። ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በ1958 ዓ.ም. በእንግሊዝ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ብራዚላዊው ፔሌ በቡልጋሪያና በፖርቱጋል ተከላካዮች ደጋግሞ ተመትቶ እያነከሰ ከውድድሩ ወጣ። የዓለም ሕዝብ ሊያየው የመጣው ጥበብ በጠረባ ተቀጠፈ። እንግሊዛዊው ዳኛ ኬን አስተን ከመንገድ መብራት ቀለሞች ያፈለቀው የካርድ ሐሳብ በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ ዋለ። ከኋላ መጥቶ የተጋጣሚን ደኅንነት አደጋ ላይ የሚጥል ሸርታቴ በቀይ ካርድ እንዲቀጣ የተደነገገው ደግሞ በ1990 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ ዓመታት መካከል የሃያ ስምንት ዓመት ርቀት አለ። ጥበበኛውን ለመጠበቅ የወጣው ሕግ የተሟላው አንድ ሙሉ ትውልድ ካለፈ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

የቀድሞውን ዘመን ጨዋታ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በሁለት ወገን ሲከራከሩ ይደመጣሉ። አንደኛው ወገን የዛሬው ተጫዋች በትንሽ ንክኪ ይወድቃል፤ የዱሮው ግን ደሙን ጠርጎ ይቀጥል ነበር ይላል። ሌላው ወገን ስንት ባለ አብዶ ልጅ በጠረባ ጉልበቱ ተሰብሮ ገና በጠዋቱ ከሜዳ እንደ ቀረ ያነሣል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ወገን የሚያስታውሰው ደሙን ጠርጎ የቀጠለውን ነው፤ ያልቀጠለው ከጨዋታውም ከወሬውም ወጥቷልና። ትዝታ የሚመዘግበው የቆሙትን ብቻ መሆኑን የታሪክ ተመራማሪ ሊዘነጋው አይገባም።

ለኃይለኛው አጨዋወት ከሚቀርቡት መከላከያዎች ጠንካራው የገናው ልማድ ነው። አባቶች በበትር ተማትተው ተሳስቀው ይለያዩ ከነበረ ልጆች በእግር ቢጠራረቡ ምን ይላል የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ከላይ ከተገለጸው ሁኔታ ይገኛል። በገና የተማቱት በማግስቱ አብረው የሚያጭዱ፣ አንዱ ቢሰበር ሌላው በሬውን ጠምዶ የሚያርስለት ጎረቤታሞች ነበሩ። በከተማ ሜዳ ግን የተሰበረውን ልጅ የሚያርስለት የለም፤ የሰበረው ተጫዋች ከሌላ ከተማ መጥቶ በዚያው ማታ ይመለሳል። ልማዱ ያለ መሠረቱ ብቻውን ወደ ሜዳ ገባ፤ ግርፊያው ቀረ፣ ካሣው ጠፋ። ስለዚህም በመንደሩ ውስጥ ጉርብትና ይሠራው የነበረውን ሥራ በከተማው ሜዳ የተጻፈ ሕግና ነፃ ዳኛ ሊሠሩት ግድ ሆነ።

ይህ ማለት ኃይል ከጨዋታው ይወገድ ማለት አይደለም። ኳሷን አይቶ፣ ጊዜውን ጠብቆ፣ በንጹሕ ሸርታቴ የሚነጥቅ ተከላካይ ራሱ ጥበበኛ ነው። በኳሷና በቅልጥሙ መካከል ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ቢሆን ነው፤ የሙያው ልዩነት ያለው በዚያች ስንዝር ውስጥ ነው። ተከላካይ ባይኖር አብዶም ባልኖረ ነበር፤ ማንም በማይከለክለው ሜዳ መታጠፍ ትርጉም የለውምና።

የጎንደር ሕዝብ ይህን ሁሉ በራሱ ክለብ ታሪክ ውስጥ አይቷል። ፋሲል ከነማ የተመሠረተው በ1960 ዓ.ም. ነው። የስሙ ሁለተኛ ክፍል የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ከሚለው የተጨመቀ ሲሆን ማኅበራቱ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ከተቋቋሙ በኋላ በብዙ የኢትዮጵያ ክለቦች ስም ላይ የሰፈነ ቃል ነው። ክለቡ ከብዙ ዓመታት ትግል በኋላ በ2009 ዓ.ም. ውድድር ዘመን በፕሪሚየር ሊግ ተሰለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ መሪነት የሊጉን ሻምፒዮንነት ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘ። በወረርሽኙ ምክንያት የዚያ ዓመት ጨዋታዎች በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ስለ ተካሄዱ የፋሲለደስ ስታዲዮም ያን ድል በሜዳው አላስተናገደም፤ ሕዝቡ የተከታተለው በቴሌቪዥን ነበር። ይህም የራሱን ለውጥ አመጣ። ካሜራው ጠረባውን ደግሞ ደጋግሞ ያሳያል፤ ዱሮ ከዳኛው ጀርባ የሚያልፍ ርግጫ አሁን ከሺህ ቤቶች ምስክር አለው። አብዶውም እንደዚሁ ተቀርጾ ይቀመጣል።

ከዚያ በፊት የነበረው ግን አልተቀረጸም። መንግሥቱ ወርቁ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. አርፏል፤ የእርሱ ስም በመዝገብ ይኖራል። በጎንደር አቧራማ ሜዳዎች፣ በዳባትና በደባርቅ ትምህርት ቤቶች ግቢ የተጫወቱት፣ ሲጠርቡ የኖሩትና ተጠርበው የቀሩት ታሪካቸው ያለው በሽማግሌዎች አፍ ላይ ብቻ ነው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ አያቶቻቸው ልከው ማን በረኛ፣ ማን ተከላካይ፣ ማን ባለ አብዶ እንደ ነበረ፣ ኳሷ ከምን ትሠራ እንደ ነበር፣ ጉልበቱ የተሰበረው ልጅ በኋላ በምን ሙያ እንደ ኖረ ቢያስጽፉ፣ ሠዓሊያንና ደራስያንም ከዚያ ቢቀዱ የሕዝቡ የጨዋታ ባህል ሙሉ ታሪክ ያገኛል። መጀመሪያ ሊጠየቁ የሚገባቸውም ለአንድ ጨዋታ ብቻ ገብተው ሁለተኛ ያልተመለሱት ናቸው።