ከድስቱ እስከ ታማሚው አፍ

አሌክሲስ ሶየር በማርች 1855 እስኩታሪ ሲደርስ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በለንደኑ ሪፎርም ክለብ ወጥ ቤት ስሙን የተከለ፣ ፈረንሳይ የተወለደ፣ አለባበሱ ከሩቅ የሚታወቅ ሰው ነበር። በክራይሚያ ጦርነት ለቆሰሉትና ለታመሙት የእንግሊዝ ወታደሮች በራሴ ወጪ ሄጄ ላብስል ብሎ ለታይምስ ጋዜጣ የጻፈው እሱ ነው። ከኢስታንቡል ማዶ በነበረው ሆስፒታል ያየውንም በ1857 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል።

ለየክፍሉ የተሰፈረው ሥጋ ከሌላው እንዳይደባለቅ እንጨት ላይ ጥፍር ተደርጎ ይታሰር ነበር። ለመለያ አንዱ ቀይ ጨርቅ፣ አንዱ የልብስ ቁልፍ፣ ሌላው መቀስ ያንጠለጥልበታል። ሁሉም ተጠራቅሞ ትልቁ የመዳብ ድስት ውስጥ ይጨመራል። ውጭ ውጩ ሲበስል መሐሉ ጥሬ ይቀራል። ሥጋው ከወጣ በኋላ መረቁ ይደፋል። ለታመመ ሰው መረቅ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ አበሻ ይህን ማመን ይከብዳል።

ሶየር ከሌላ ቦታ የተለየ እህል አላስመጣም። እስሩን አላላው፣ ጨውና ቅመሙን በልክ አደረገ፣ መረቁን አጥልሎ ሾርባ ሠራበት፣ ለመቶ ሰው የሚሆነውን አሠራር ጽፎ ወታደሮቹን አስተማረ። ሥጋው ድሮም ነበረ። ከእሱ ቀድማ በኖቬምበር 1854 ነርሶች ይዛ የደረሰችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ያስጨነቃትም የሥጋው መኖር ሳይሆን አታደሉ ነው። ሥጋው የሚመዘነው ከነአጥንቱ ስለነበር ለአንዳንዱ ቁስለኛ የሚደርሰው አጥንቱ ብቻ ነበር። ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ ይታደል ብላ ብትጠይቅ፣ ለዚያ አዲስ የሠራዊት ደንብ ያስፈልጋል ተባለች።

እዚህ ላይ ግን ምግቡ ብቻውን ተአምር ሠራ ብሎ መጻፍ ሐሰት ይሆናል። በፌብሩዋሪ 1855 እስኩታሪ ውስጥ ከሚታከሙት ከመቶ 42 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በጁን ወደ 2 ወርዷል። ትልቁን ድርሻ የያዘው ሆስፒታሉ ሥር ያለውን የቆሻሻ መውረጃ የጠረገውና አየር ያስገባው የንጽሕና ኮሚሽን ነው። ናይቲንጌል ራሷ በኋላ አኃዙን መርምራ ይህንኑ ተቀብላለች።

ስለ ምግብ የተረፋት ትምህርት ከዚያ የጠበበ፣ ለእኔ ግን የበለጠ ጠቃሚ ነው። በ1859 ባሳተመችው የአስታማሚነት መጽሐፍ ለምግብ ሁለት ምዕራፍ ሰጥታለች። ብዙ ሕመምተኛ በጥጋብ መካከል በረሃብ ይጎዳል ትላለች፤ ምክንያቱም እንዲበላ የሚያስችለውን መንገድ የሚፈልግለት የለም። ደካማ ሰው ጠዋት አንድ ማንኪያ መዋጥ ቢያቅተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይችል ይሆናል። ያልተነካ ሳህን ግን አጠገቡ ተቀምጦ መዋል የለበትም፣ ፍላጎቱን ይዘጋዋል። በዘመኑ እንደ መድኃኒት ይቆጠር የነበረውን የሥጋ ውኃም አትነው ምን እንደሚቀር እዩ ብላ ነቅፋለች። መለኪያዋ የቀረበው ሳይሆን የተበላው ነው።

ይህ መለኪያ ግን ተረሳ። ላቦራቶሪው፣ ራጁ፣ መርፌው ሲበዛ ምግብ ከሐኪሙ እጅ ወጥቶ ወደ ጨረታና ወደ ኮንትራት ሄደ። በ1974 ቻርልስ በተርወርዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የሆስፒታሎችን ገመና ገለጠ፦ የሕመምተኛው ክብደት አይመዘገብም፤ ለምርመራ ተብሎ ምግብ ይከለከላል፤ ቀናት የሚያልፉት በግሉኮስ ብቻ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ስኮትላንድ ዳንዲ ውስጥ ሲገቡ ከተመዘኑ 500 ሕመምተኞች 200ው በምግብ እጥረት የተጎዱ ሆነው ተገኙ። ሲወጡ እንደገና የተመዘኑትም በአማካይ ከክብደታቸው ከመቶ 5 በላይ አጥተው ነበር። ሊታከሙ ገብተው ማለት ነው።

የብሪታንያ መንግሥት መልስ ሶየርን ማስታወስ ይመስላል። በ2001 ሎይድ ግሮስማን የተባለውን የቴሌቪዥን የምግብ ሰው አምጥቶ አዲስ የምግብ ዝርዝር አሠራ፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ፕሮግራሙ ተዘጋ። በ2019 በሆስፒታል ሳንድዊች የተዛመተ ሊስቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ሰው ሲገድል አዲስ ግምገማ ታዘዘ፤ አማካሪዋም ሌላዋ የቴሌቪዥን ታዋቂ ፕሩ ሊዝ ሆነች። የወጥ ቤት ሰው መጥራቱን አልነቅፍም። ቢሆንም ጥሩ ወጥ አልጋው ድረስ መጥቶ፣ ክዳኑን የሚከፍት አቅም በሌለው ሰው ፊት ቀዝቅዞ ከተመለሰ ሼፉ ምን ያደርጋል?

በዚያው 2019 ስምንት የስዊዘርላንድ ሆስፒታሎች ከ2,000 በላይ ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ወገን የየሰው የኃይልና የፕሮቲን ግብ ተሰልቶ፣ ባለሙያ ተከታተለው፤ ሌላው የተለመደውን የሆስፒታል ምግብ በላ። በ30 ቀን ውስጥ የሞተው ከመጀመሪያው ከመቶ 7፣ ከሁለተኛው ከመቶ 10 ያህል ነው።

እኛ ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የመንግሥት ሆስፒታል ምግብ ቢያቀርብም የብዙው ሕመምተኛ እውነተኛ ወጥ ቤት ቤቱ ነው። አጥሚቱ በፔርሙስ፣ ሾርባው በምሳ ዕቃ ይመጣል፤ አስታማሚ ትራስ ደግፎ በማንኪያ ያጎርሳል። ናይቲንጌል የፈለገችው ዐይን ያለው እዚህ ነው፦ ትናንት ምን እንደቀመሰ፣ ምን እንዳስመለሰው የሚያውቅ ሰው። ችግሩ ከሩቅ ገጠር መጥቶ ከተማ ዘመድ የሌለው ሰው ላይ ነው፤ ከጎኑ አልጋ የሚጋብዘው ካላገኘ የሚተርፈው የሆስፒታሉ ሳህን ብቻ ነው። ዘመድ ያለውም ቢሆን የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ከሆነ ፍቅር የጎደለውን እውቀት አይሞላም።

ምግብን እንደ መድኃኒት መስጠት ግን ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ሲገባ ኤፍ-75 የሚባለው ወተት በክብደቱ ተሰልቶ፣ በሚሊ ሊትር ተለክቶ፣ ቀንና ሌሊት በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ይሰጣል። የጠጣው፣ ያስመለሰው፣ የተረፈው ይጻፋል። ሲረጋጋ ወደ ኤፍ-100 ወይም በለውዝ ወደተሠራው የሕክምና ምግብ ይሻገራል። ቤት ወስዶ የመመገቡ ዘዴ ቀድሞ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዷ የሀዲያዋ ባዳዋቾ ናት፤ ከ2000 ጀምሮ ከተከታተሏቸው 170 ሕፃናት 85 ከመቶው አገገሙ፣ የሞቱት 4 ከመቶ ናቸው።

ያው ነርስ ከሕፃናቱ ክፍል ወጥታ ወደ አዋቂዎቹ ስትሻገር ቅጹ ይለወጣል። ሙቀት፣ ግፊት፣ ትንፋሽ፣ የተሰጠ መድኃኒት እየተባለ ይሞላል። የስንት ሰዓት ክኒን እንደሆነ ለአስታማሚዋ ይነገራታል። ስንት ማንኪያ እንዳጎረሰች፣ ስንቱ እንደተመለሰ የሚጠይቃት ከተገኘ ግን በነርሷ ትጋት እንጂ በቅጹ ግዴታ አይደለም፤ አንድ ዓምድ ለመጨመር ደግሞ ሼፍም ጨረታም አያስፈልግም።