ከእሩር እስከ ሪሞት፦ የበዓል ጨዋታ በጣና ዳር

ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ጦሙ ተገድፎ ምሳው ከተበላ በኋላ፣ የጎጃምና የጎንደር ገጠር ወንድ ጫፉ የቆለመመ ዱላውን ይዞ ወደ ሜዳ ይወርዳል። ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተጠቅልላ የተሠራች እሩር መሐል ሜዳ ላይ ትቀመጣለች። ሁለቱ ወገኖች እየተሻሙ ይመቷታል፤ ባላጋራው ከሚጠብቀው ድንበር ያሳለፈ ያሸንፋል። የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፣ ሰዓት የሚይዝ ዳኛም የለም። ላይኛው መንደር ከታችኛው ሲገጥም ጨዋታው ፀሐይ እስክትጠልቅ ሊቆይ ይችላል። ማታ ላይ ያሸነፈው ወገን እየዘፈነና የተሸነፈውን በግጥም እየወረፈ ወደ መንደሩ ይመለሳል።

የገና ጨዋታ ትልቁ ደንብ ስለ ዱላውም ስለ እሩሯም አይደለም። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው፣ ባለርስት በጭሰኛው አይቆጣም። በዘመነ መሳፍንትም ሆነ በዘውዱ ጊዜ ማዕረግና ወግ አጥብቆ በሚጠበቅበት አገር፣ የሹም ልጅ ቅልጥሙን ተመትቶ ሳይከስ ወደ ቤቱ የሚገባበት ቀን ቢኖር ይህ ነበር። አገሬው ጨዋታውን ከልደቱ ታሪክ ጋር ያያይዘዋል፤ የቤተልሔም እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ ይላል። ታሪኩ እንዳለ ሆኖ፣ እረኛና ጌታ በአንድ ሜዳ የሚገናኙበት ጨዋታ ከዚህ የተሻለ መነሻ ሊገኝለት አይችልም።

የጣና ዳርን የበዓል መዝናኛ ታሪክ ከዚህ ሜዳ ተነሥቶ እስከ ዛሬው ስክሪን ድረስ የተከተለ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያገኛል። ጨዋታም ይሁን መጽሐፍ ወይም ቴሌቪዥን፣ ወደዚህ አካባቢ የመጣ መዝናኛ ሁሉ ተሰብስበው የሚካፈሉት ሆኗል። ብቻውን የሚጫወት፣ ብቻውን የሚያነብና ብቻውን የሚያይ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ገና አዲስ እንግዳ ነው።

የጣና ምድር የየአካባቢው አቀማመጥ የየራሱን ጨዋታ ወልዷል። በዘጌ ልሳነ ምድር እንደ ጥንቱ ሥርዓት በሬ አይጠመድም፣ ከብትም አይረባም፤ ቡናና ጫካ ነውና ፈረስ የሚጋለብበት ሜዳ የለም። ፈረስ ጉግስ ደግሞ ሜዳ ይፈልጋል። ፈረሰኛው እየጋለበ ዘንግ ይወረውራል፣ የተወረወረበት በጋሻው ይመክታል ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ተለጥፎ ያመልጣል። በዚህ የታወቀው ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የአዊ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በዓሉን በእንጅባራ ያከብራል። ማኅበሩ ፈረሶች በዓድዋና በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የዋሉትን ውለታ ይዘክራል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ይህ ማኅበር ጨዋታን ከዕድር ጋር አጣምሮ ይዟል፤ ፈረሰኛው ሲሞት የሚቀብሩት እነዚያው አብረውት የጋለቡት ናቸው።

ሜዳ መውጣት ለማይችለው፣ ለሕፃንም ለሽማግሌም፣ ገበጣ አለ። ገበጣ ገንዘብ አይጠይቅም። የተቦረቦረ እንጨት ከሌለ መሬቱን ቆፍሮ፣ ጠጠር ወይም የዛፍ ፍሬ ለቅሞ መጀመር ይቻላል። በሁለት መደዳ 12 ጉድጓድ፣ በሦስት መደዳ 18 ጉድጓድ ያለው ዓይነት ዛሬም በውድድር ደረጃ ይጫወቱታል። ዕድሜውን በተመለከተ፣ በማጠራና በየሀ የተገኙ በድንጋይ የተፈለፈሉ የገበጣ ጉድጓዶችን አርኪዮሎጂስቶች እስከ አክሱም ዘመን ይወስዷቸዋል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ በርካታ የገበጣ ዓይነቶችን ከነአጨዋወታቸው መዝግበዋል። የአጨዋወቱ ሥርዓት ከወረዳ ወረዳ ስለሚለያይ፣ ለገና ዘመድ ጥየቃ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ስለ ሕጉ ሳይከራከር አይጀምርም።

ሰንጠረዥ የተባለው የቼዝ ዓይነት ግን የመኳንንት ጨዋታ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ሲጫወቱት አይቶ ጽፏል። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም የሚለየው በአከፋፈቱ ነው። ወረራ በሚባለው የመጀመሪያ ምዕራፍ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ በተራ መሆኑ የሚጀምረው አንዱ የሌላውን ሲበላ ነው። በዙሪያ የቆመውም ዝም አይልም፤ ምክር መለገስና መንጫጫት የጨዋታው አካል ነው። ይህ ድንቅ ጨዋታ ከቤተ መንግሥት አጥር ብዙም ሳይወጣ መጥፋቱ ያስቆጫል። ቦታውን በቆርኪ የሚጫወቱት ዳማ ወስዶታል። ዳማው ዙሪያ ያለው መካሪ ግን ያው የሰንጠረዡ መካሪ ነው።

ወደ መጽሐፍ ሲመጣ ጣናን የሚያህል አገር የለም። ከሐይቁ 37 ገደማ ደሴቶች ብዙዎቹ ገዳም አለባቸው፣ ወይም ነበረባቸው። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ፣ ሬማና እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ በጦርነት ዘመን የመንግሥት ሀብት የሚሸሸግባቸው፣ በሰላም ጊዜ ብራና የሚፋቅባቸው ቦታዎች ነበሩ። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ደሴቶቹን በታንኳ ዞሮ በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። በ1960ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ደግሞ ጀርመናዊው ምሁር ኤርንስት ሐመርሽሚት የገዳማቱን ብራናዎች በማይክሮፊልም አንሥቶ ዝርዝራቸውን ለዓለም አዳርሷል።

እነዚህ መጻሕፍት ለብቻ ንባብ የተጻፉ አልነበሩም። ስንክሳሩም፣ ተአምረ ማርያሙም፣ ድርሳኑም ድምፁ ያማረ ካህን ቆሞ የሚያነብባቸው፣ ምእመኑ ቆሞ የሚሰማቸው ናቸው። ፊደል የማያውቅ ገበሬ ከዓመት ዓመት እየሰማ ታሪኩን በቃሉ ይይዘዋል። ሴት በማትገባበት በክብራን የተጻፈው ታሪክ ሳይቀር በየብስ ባሉት አጥቢያዎች በበዓል ቀን ለሴቶች ጆሮ ይደርሳል። በዘጌ ያለችው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ሥዕሎችም ለማያነብ ሰው እንደ መጽሐፍ ያገለግላሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ያየ ሕፃን ታሪኩን ለመጠየቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልገውም።

ከንባቡ ቀጥሎ ቅኔ አለ። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች የጎጃም መመኪያ ናቸው። በማኅሌቱ የሚቀርበው ቅኔ ለዚያ በዓል፣ ለዚያ ሌሊት የተፈጠረ መሆን አለበት፤ ያለፈውን ዓመት ቅኔ ደግሞ ማምጣት ነውር ነው። ሊቃውንቱ ሰሙን ሰምተው ወርቁን ሲያገኙት የሚሰማው የአድናቆት ድምፅ ከማንኛውም የስታዲየም ጩኸት አያንስም። ቅኔን በትምህርት ስም ብቻ የሚጠሩ ሰዎች ደስታውን ይዘነጉታል። ለቅኔ ተማሪው የበዓል ዋዜማ ከትጋቱም ሌላ የዓመቱ ትልቁ ውድድር ነበር።

የሚቀጥለውን የዘመናዊ መጽሐፍ ምዕራፍ ከዚሁ ቅኔ ቤት የወጣ ሰው ጻፈው። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም የታተመው ፍቅር እስከ መቃብር ዋና ገጸ ባሕርይ በዛብህም የቅኔ ተማሪ ነው። በዚያው ዘመን ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቀው በአቸፈር፣ በቆረንች አቦ የተወለደው አቤ ጉበኛ አልወለድም የተባለውን ልብ ወለዱን አሳትሞ መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲውም ቆይቶ ወደ ጎሬ በግዞት ተላከ። አንዱ በዝግታና በምሳሌ፣ ሌላው በቁጣ፣ ሁለቱም ጭሰኛና ጌታ ከገና ሜዳ ውጭ እንዴት እንደሚኖሩ ጽፈዋል።

ፍቅር እስከ መቃብር ከ500 ገጽ በላይ ነው። በዚያ ጊዜ ስንት ገበሬ ሊያነብበው ይችላል? መልሱ ከሬዲዮ መጣ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በደርግ ዘመን ከመጻሕፍት ዓለም በተባለው ዝግጅት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሲተርከው፣ የመጽሐፉ ገጸ ባሕርያት ጉዱ ካሣ፣ ፊታውራሪ መሸሻና ሰብለ ወንጌል እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ኖራቸው። አንድ ሬዲዮ ለአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም ለአንድ መንደር ይበቃ ነበር። ቡናው ይፈላል፣ ልጆቹ ጸጥ ይላሉ፣ ሲያበቃ ጭቅጭቁ ይጀመራል፤ አንዱ ፊታውራሪውን ይረግማል፣ ሌላው ለበዛብህ ያዝናል። ከዚህች አገር የመዝናኛ ታሪክ አንድ ብቻ ምረጡ ቢባል፣ ይህ ትረካ መመረጥ ይገባዋል። የብራናው ዘመን አነባበብና አዲሱ ልብ ወለድ የተገናኙት በዚህ ሥራ ነው።

ባሕር ዳር ራሷ በዚህ መካከል ተለውጣለች። ከጣሊያን ወረራ በፊት በጊዮርጊስ ደብርና በገበያው ዙሪያ የተሰበሰበች ትንሽ መንደር ነበረች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም ሲከፈቱ ደመወዝተኛና ተማሪ መጣ፤ ከእሱም ጋር የከተማ መዝናኛ መጣ። ከረንቦላ፣ ጆተኒ፣ ካርታ፣ በፋብሪካ ቡድኖች መካከል እግር ኳስ። ለበዓል ወደ ገጠር ቤተሰቡ የሚሄደው ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለቱም ዓለም ይጫወታል፤ ዋዜማውን ከረንቦላ ቤት፣ ዕለቱን የገና ሜዳ ላይ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ስርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አይርቅም ነበር። ባሕር ዳር የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ሲደርስም ሣጥኑ የነበረው በጥቂት ቤቶችና በቀበሌ አዳራሾች ነበር። ስለዚህ ቴሌቪዥን በዚህች ከተማ የተለመደው በጎረቤት ሳሎን ነው። ልጆች ምንጣፍ ላይ ተደርድረው አባባ ተስፋዬን ይጠብቃሉ። ተስፋዬ ሣህሉ ከጣቢያው መከፈት ጀምረው ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ፣ ተረቱ እንደ አያት አነጋገር ወደ ቤት ይገባ ነበር። በበዓል ማታ ደግሞ ልዩ ዝግጅት አለ፤ የአለባቸው ተካና የልመንህ ታደሰ፣ በኋላም የደረጀና የሀብቴ ቀልድ። በማግስቱ ትምህርት ቤትና ቢሮ ውስጥ ቀልዱ ይደገማል፤ ያላየ ሰው ከወሬው ይጎድላል። የበዓል ቴሌቪዥን ዋጋው ያ ነበር፤ አገር ሁሉ በአንድ ማታ በአንድ ነገር ይስቃል።

ዛሬ ምርጫው በዝቷል። ባሕር ዳር የራሷ ሚዲያ አላት፤ በ1987 ዓ.ም የተጀመረችው በኵር ጋዜጣና የአማራ ቴሌቪዥን መቀመጫቸው እዚሁ ነው፤ ለበዓልም የክልሉን ጨዋታና ዘፈን ያቀርባሉ። የእንግሊዝ ኤፍኤ ካፕ ሦስተኛ ዙር በገና ሰሞን ስለሚውል ወጣቱ ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት ይሰበሰባል። ታናናሾቹ ፕሌይስቴሽን ቤት ናቸው። ፍቅር እስከ መቃብርም በቅርቡ ተከታታይ ድራማ ሆኖ በቴሌቪዥን ቀርቧል። እነዚህ አዳዲስ ነገሮች መጡ ብሎ ማዘን አያስፈልግም። ዲኤስቲቪ ቤት የተሰበሰበው ወጣት በሰንጠረዥ ዙሪያ እንደቆመው መካሪ ይጮኻል፤ ያ የቆየ ነገር ነው። ሊያሳስብ የሚገባው በአንድ ሳሎን ውስጥ አራት ሰው አራት ስልክ ይዞ ዝም ያለበት በዓል ነው። የጣና ዳር ሰው ብራናውን፣ ሬዲዮውንና ቴሌቪዥኑን ሁሉ የጋራ አድርጎ ተቀብሏል፤ ስልክን ግን እስካሁን አልገራውም።

ይህን ለማቅናት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ገና፣ ገበጣ፣ ትግልና ፈረስ ጉግስ በኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ውድድር ይካተታሉ፤ ውድድሩ ግን ለተመረጡ ስፖርተኞች ነው። በዓሉ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። እያንዳንዱ የባሕር ዳር ክፍለ ከተማ ሕንፃ የማይሠራበት አንድ ሜዳ ለታኅሣሥ 29 ይተው። ትምህርት ቤቶች ከገና በፊት ባለው ሳምንት የእሩር አመታቱን ለሴቶችም ለወንዶችም ያስተምሩ፤ አባቶች ደንቡን ሳይረሱት አሁን ይጠየቁ። የሐይቁ ዳር ካፌዎች ከስኒው ጎን የገበጣ ገበታ ያስቀምጡ። ቤተ መጻሕፍት የወጋየሁን ትረካ በበዓል ዋዜማ ለሕዝብ ያሰሙ። የክልሉ ቴሌቪዥንም የ18 ጉድጓዱን ገበጣ ከነሕጉ፣ ሁለት አዋቂዎች እየተከራከሩ ሲጫወቱት ለአንድ ሰዓት ያሳይ፤ ተመልካቹ ጠጠሩን ከደጁ ለቅሞ እዚያው መጀመር ይችላል።