ከአንደኛ ክፍል የተባረረችው የቴሌቪዥን ኮከብ

የቴሌቪዥን ሰው መጽሐፍ ጻፈ ሲባል የምንጠብቀው ይታወቃል፦ እንዴት ዝነኛ እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደዋለ። ጃፓናዊቷ ቴትሱኮ ኩሮያናጊ ግን በ1981 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ትዝታዋን ስታሳትም የመረጠችው የልጅነት ትምህርት ቤቷን ነው።

ሴትዮዋ የጃፓን ቴሌቪዥን ሥርጭት ከጀመረበት ከ1953 አንስቶ ተዋናይት ናት። ከ1976 ጀምሮ ደግሞ በራሷ የቃለ መጠይቅ ፕሮግራም ትታወቃለች። መጽሐፉ ግን አንደኛ ክፍል ሳለች «ትረብሻለች» ተብላ የተባረረች ልጅ ታሪክ ነው። ርዕሱ «በመስኮት ዳር ያለችው ቶቶ-ቻን» ይላል። በዚያን ዘመን ጃፓን ውስጥ «የመስኮት ዳር ሰዎች» የሚባሉት ሥራ ተነፍጓቸው ጥግ የተቀመጡ ሠራተኞች ነበሩ። ገባችሁ አይደል?

እናቷ ቶሞኤ የተባለ ትምህርት ቤት ወሰደቻት። ክፍሎቹ ከአገልግሎት የወጡ የባቡር ፉርጎዎች ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ ሶሳኩ ኮባያሺ የቀድሞ ጥፋቷን አልመረመሩም፤ ቁጭ ብለው ወሬዋን ለአራት ሰዓት ያህል ሰሟት። በቃ፣ ተቀበሏት።

ቶሞኤ በ1945 በአየር ድብደባ ተቃጠለ። ኮባያሺም በ1963 አረፉ፤ መጽሐፉን አላዩትም።

እንግዲህ የዝና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የቴትሱኮን ፊት አይተው መጽሐፉን የገዙ ሰዎች ቤታቸው ሲገቡ ያገኙት ኮባያሺን ነው። ጃፓን ውስጥ ብቻ ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ከገቢውም መስማት ለተሳናቸው ተዋንያን የሚሆን ተቋም አቋቁማለች። በ2023፣ በ90 ዓመቷ፣ ሁለተኛውን ክፍል አሳተመች።

«ረባሽ» ብለን ከክፍል የምናስወጣውን ልጅ መጀመሪያ ማን ሰማው?