ቀይ ወርቅ፣ ጥቁር ብረት

ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ማይክል ፋራዳይ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጃቸው ጠርሙሶች ዛሬም አሉ። ፈሳሹ ቀይ ወይን ጠጅ ይመስላል። ወርቅ ነው።

ፋራዳይ መድኃኒት እየፈለገ አልነበረም፤ የገረመው ብርሃን ነው። ወርቅ ቀጥቃጮች ያሳሱትን ቅጠል ሲያጥብ ውሃው ፈዘዝ ያለ ቅላት ያዘ። ቆየት ብሎ የወርቅ ጨው የሟሟበትን ውሃ በፎስፈረስ አቀላው። ጨረር ቢያሳልፍበት የብርሃኑ መንገድ እንደ ጭስ ታየ፤ በደንብ የሟሟ ነገር እንዲህ አያደርግም። የወጥ ጨው ጠብ ቢያደርግበት ደግሞ ወደ ሰማያዊ ዞረ። ወርቁ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ሆኖ በውሃው ውስጥ እንደተንሳፈፈ በ1857 ለሮያል ሶሳይቲ አስረዳ። የሮም ብርጭቆ ሠሪዎች ይህን ቅላት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ተጠቅመውበታል፤ ምክንያቱን ግን የሚያውቁ አይመስልም።

በ1951 ተመራማሪው ተርኬቪችና ባልደረቦቹ ቀዩን ወርቅ መሥራትን የወጥ ቤት ሥራ ያህል አቀለሉት። የወርቅ ጨው የገባበት ውሃ እየፈላ ሳለ የሲትሪክ አሲድ ጨው ይጨመርበታል። ቢጫው ይጠፋል፣ ፈሳሹ ይጠቁራል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀላል። በየጤና ኬላው ከጣት በተወሰደ ጠብታ ደም ወባን የሚለዩት ብዙዎቹ መመርመሪያዎች ላይ የምትወጣው ቀይ መስመር የዚሁ ወርቅ ዘመድ ናት።

ብረት በሌላ በር ገባ። ተመራማሪው ጊልክሪስትና ባልደረቦቹ በ1957 የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶችን ወደ ሊምፍ ዕጢ አስገብቶ በተለዋዋጭ የማግኔት መስክ ማሞቅን ሞከሩ። ናሳ ውስጥ ደግሞ ስቲቭ ፓፔል በ1963 ማግኔታይት የተባለውን የብረት ኦክሳይድ አልሞ ፈጭቶ ማግኔት የሚስበው ፈሳሽ ሠራ፤ ያሰበው ስለ ሮኬት ነዳጅ ነበር። በ1981 ተመራማሪው ማሳር ሁለት ዓይነት የብረት ጨው ቀላቅሎ ከአሞኒያ ጋር በማገናኘት ጥቁሩን ቅንጣት በቀላሉ አወረደው።

ሁለቱን ማጋባት ግን አስቸጋሪ ነበር። ብረቱ በማግኔት ይመራል፣ በኤምአርአይ ምስል ላይም ይታያል፤ ወርቁ ፀረ እንግዳ አካልን አጥብቆ ይይዛል፣ ብርሃን ሲያርፍበትም ይሞቃል። ችግሩ ወርቅ በብረት ኦክሳይድ ላይ በቀላሉ አለመቀመጡ ነው። በ2004 የላዮን ቡድን 9 ናኖሜትር የሚሆኑ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶችን ወስዶ፣ የወርቅ ጨውና ሃይድሮክሲላሚን በዙር በዙር እየጨመረ ለበጣቸው። ወርቁ በወፈረ ቁጥር ወይን ጠጅ የነበረው መልክ ወደ ቀይ ተጠጋ። በ2005 የሾሄንግ ሱን ቡድን አቅጣጫውን ገልብጦ ብረቱን ከወርቁ ጎን አበቀለ፤ የወጣው ሁለት ኳስ የተጣበቁበት ቅርጽ ነው።

ጥምር ቅንጣቱ በሰው ላይ ለመዋል ብዙ ይቀረዋል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ግን ጋብቻው መፈጸሙን ለማየት ጠርሙሱን ማግኔት አጠገብ ማቆም ይጠቅማል። ጥቁሩ ወደ ግድግዳው ተስቦ ውሃው ቀይ ከቀረ ወርቁ ለብቻው ቀርቷል። ቅላቱም አብሮ ከተሳበና ውሃው ከጠራ፣ ባለሙያው የጠራውን ውሃ ደፍቶ ቅንጣቱን ያጥባል።