ዴሌጋው ላይ የማን ስም ይጻፍ?

ሮም ውስጥ ልጅ ያለው ሐበሻ ሰፈር ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያነሳው የቤት ኪራዩን ነው፤ ቀጥሎ ሜትሮ በቅርብ አለ ወይ ይላል። እኔ ግን ምክር ለሚጠይቁኝ ሁሉ የማቀርበው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ዴሌጋው ላይ የማንን ስም ትጽፋላችሁ? ዴሌጋ ማለት ወላጅ በሥራ ምክንያት መድረስ ሲያቅተው ልጁን ከትምህርት ቤት በር ላይ እንዲረከብለት ለሌላ ሰው ፈርሞ የሚሰጠው ውክልና ነው። ስሙ የሰፈረ፣ የመታወቂያው ኮፒ የተያያዘለት ትልቅ ሰው ካልመጣ አስተማሪዋ ሕፃኑን አትለቅም። በዚያ ወረቀት ላይ የሚጽፈው ሰው የሌለው ቤተሰብ፣ ቤቱ ምንም ሰፊ ቢሆን፣ ሰፈሩ አይሆነውም።

ነገሩ ከሥራችን ጠባይ የመጣ ነው። ብዙዎቻችን የምንሠራው በሰው ቤት ነው፤ እናጸዳለን፣ ልጅ እንጠብቃለን፣ አረጋዊ እናስታምማለን። በሀብታሞቹ ሰፈሮች፣ በፕራቲ ወይም በፓሪዮሊ፣ ያለው አሠሪ አጥብቆ የሚፈልገን ደግሞ የራሱ ልጆች ከትምህርት ቤት ከሚመለሱበት ሰዓት አንስቶ እራት እስኪቀርብ ነው። የእኛም ልጆች የሚወጡት በዚያው ሰዓት ነው።

ከእኛ በፊት የመጡት ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ ከባድ ነበር። በ1970ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ መጥተው በቤት ሠራተኛነት የተቀጠሩት እናቶች አብዛኞቹ አዳራቸው አሠሪያቸው ቤት ነበር። ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነው። የወለደች እንደሆነ አሠሪዋ እሷን እንጂ ሕፃኑን አይቀበልም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን መነኮሳት ለሚያስተዳድሯቸው አዳሪ ተቋማት ሰጡ። በ2001 የወጣው ሕግ ቁጥር 149 እንዲህ ያሉት ማሳደጊያዎች እስከ 2006 መጨረሻ እንዲዘጉ አዘዘ።

በሰፈራችን ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ጡረተኛ አሉ። የእሳቸው ልጅ ያደገው በዚያ ዓይነት ተቋም ነው። እሑድ እየሄዱ ያዩት ነበር። ልጁ የሚናገረው ጣሊያንኛ ብቻ፣ የእሳቸው ጣሊያንኛ በዚያን ጊዜ ከወጥ ቤት የማያልፍ፤ ተቀምጠው ይተያዩ እንደነበር ነግረውኛል። ዛሬ ስማቸው በሦስት ቤተሰብ ዴሌጋ ላይ ሰፍሯል፤ የእኛ አንዱ ነው። ልጆቹን ከበር ሲቀበሏቸው በአማርኛ ምን በላችሁ፣ ማን አስቀየማችሁ እያሉ ይጠይቃሉ፤ በጣሊያንኛ ቢመልሱላቸውም እሳቸው በአማርኛ ይቀጥላሉ። ልጆቼ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያን ፊደል ይቆጥራሉ፤ መናገሩን ያስተማሯቸው ግን እትዬ ናቸው፣ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ባለው መንገድ ላይ።

እኛ ስንመርጥ ሐሳባችን በሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር። አንደኛው በሜትሮ ሲ መስመር፣ ከከተማው ምሥራቅ ዳር ያለው ቶሬ አንጄላ ነው። ኪራዩ ቀለል ይላል፤ ልጆቹም የየራሳቸው ክፍል ይኖራቸው ነበር። ነገር ግን ከዚያ ሥራ ወዳለበት ወደ ፕራቲ ለመድረስ ሳን ጆቫኒ ላይ ወርዶ ወደ ሜትሮ ኤ መቀየር ግድ ነው፤ ባቡሩ በዘገየ ቁጥር ደግሞ በትምህርት ቤቱ በር የሚቆምልን ሰው እዚያ አልነበረንም። ሁለተኛው በካዚሊና መንገድ ያለው ቶር ፒኛታራ ነው፤ ቤቱ ጠባብ፣ ሆኖም 105 ቁጥር አውቶቡስ በቀጥታ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ያደርሳል፣ እትዬም እዚያ አሉ። ባለቤቴ ወደ ሰፊው ቤት አደላ። ብዙ ምሽት ተነጋግረን ጠባቡን ወሰድን።

ወዳጆች አስጠንቅቀውን ነበር፤ እዚያ ያሉት ትምህርት ቤቶች በስደተኛ ልጆች ተሞልተዋል ይሉናል። ወሬው የተነሳው በሰፈሩ ካለው ከካርሎ ፒሳካኔ ትምህርት ቤት ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎች የውጭ ዜጋ ልጆች በመሆናቸው ስሙ በጋዜጣ ሁሉ ዞረ፤ በጃንዋሪ 2010 የትምህርት ሚኒስትሯ ማሪያስቴላ ጄልሚኒ በአንድ ክፍል ውስጥ የውጭ ዜጎች ልጆች ከመቶ 30 እንዳይበልጡ መመሪያ አወጡ። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ሮም የተወለዱ ናቸው። ትምህርት ቤት በልጆቹ አያቶች ሀገር መመዘኑን እቃወማለሁ። እኔ የምጠይቀው ስንት ክፍል ቴምፖ ፒየኖ አለው፣ ከዚያ በኋላስ ግቢው ውስጥ ማን ይቀራል የሚለውን ነው።

ቴምፖ ፒየኖ በ1971 በሕግ ቁጥር 820 የመጣ የሙሉ ቀን ትምህርት ነው፦ በሳምንት 40 ሰዓት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ምሳ በሜንሳ፣ በትምህርት ቤቱ መመገቢያ፣ ጭምር። በሀገራችን ሰዓት ብንቆጥረው አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 10፡30 ነው። በሳምንት 27 ወይም 30 ሰዓት የሚማረው ልጅ ግን በምሳ ሰዓት አካባቢ ይወጣል። ምዝገባው በየዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪ በኢንተርኔት ይከፈታል። ጠያቂው ከቦታው ሲበልጥ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት መመዘኛ ያወጣል፤ የመኖሪያ ቅርበት፣ ታላቅ ወንድም ወይም እህት እዚያ መማሩ፣ በብዙ ቦታም ሁለቱም ወላጆች ሥራ ላይ መሆናቸው ይቆጠራል። የሥራ ቦታ ቅርበትን የሚቆጥሩም ስላሉ ልጇን ከአሠሪዋ ቤት አጠገብ የምታስመዘግብ አለች። ያለ ውል የምትሠራ እናት ግን ሥራ ላይ መሆኗን የምታሳይበት ወረቀት የላትም፤ ቴምፖ ፒየኖ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሷ ልጅ ሆኖ ሳለ ወረፋው መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች። ይህ ያንገበግበኛል። ውል ጠይቂ፣ ከደመወዙ በፊት ውሉን ጠይቂ የምለው ለዚህ ነው።

የትምህርት ቤቱን ሰርተፊኬትም በየዓመቱ አስቀምጡ። በ1992ቱ የዜግነት ሕግ ቁጥር 91 መሠረት እዚህ ተወልዶ ሳያቋርጥ በሕጋዊነት የኖረ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ዜግነት መጠየቅ ይችላል፤ ከ2013 ወዲህ ደግሞ የነዋሪነት ምዝገባው በወላጅ ወይም በመሥሪያ ቤት ጉድለት ክፍተት ቢኖርበት የትምህርት ቤትና የሕክምና ማስረጃ ተቀባይነት አለው።

ከ10፡30 በኋላ ያለውን ሰዓት ግን ሕግ አልሞላውም። አርአያችን ያለው በኤስኩዊሊኖ፣ ቢክሲዮ መንገድ ላይ በሚገኘው ዲ ዶናቶ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ከ2003 ጀምሮ የወላጆች ማኅበር ተቋቁሞ ግቢውንና ምድር ቤቱን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለስፖርት፣ ለሙዚቃና ለቋንቋ ይከፍታል፤ ጣሊያኑም፣ ቻይናዊውም፣ ባንግላዴሻዊውም ልጅ አብሮ ይጫወታል። ከተማዋ ለነገሩ እንግዳ አይደለችም። ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያዋን የሕፃናት ቤት ጃንዋሪ 6 ቀን 1907፣ በእኛ ገና ዋዜማ፣ በሳን ሎሬንሶ ሰፈር ማርሲ መንገድ ላይ የከፈተችው ወላጆቻቸው ሥራ ውለው ያለ ጠባቂ ለሚቀሩ የሠራተኛ ልጆች ነበር።

እኛ ጋ ያቆጠቆጠው ከዚህ ያነሰ ነው፤ የሰዓት ዕቁብ ልበለው። አንዷ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አትሠራም፤ አንዱ አባት ሌሊት ስለሚሠራ ዓርብን ይዟል፤ የቀረውን እትዬ ይሸፍናሉ። አንዲት የባንግላዴሽ ተወላጅ ጎረቤትም ገብታለች፤ እኔ የእሷን ልጆች ሰኞ እረከባለሁ። የእሷ ስም በእኔ ቅጽ፣ የእኔ ስም በእሷ ቅጽ ላይ አለ። ትምህርት ቤቱ በጁን ሲዘጋ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ያለው ረጅም ወቅት ገና አልተፈታልንም፤ ከፊሉን የቤተ ክርስቲያኑ የልጆች መዋያ (ኦራቶሪዮ)፣ ከፊሉን ዘመድ ይይዘዋል።

አሁን ታላቋ ልጄ ስኮላ ሜዲያ፣ ማለትም መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ልትገባ ነው። እዚያ ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ በ8 ሰዓት ያልቃል። በ2017 የወጣው ሕግ 14 ዓመት ያልሞላው ልጅ ብቻውን እንዲወጣ ወላጅ ፈርሞ እንዲፈቅድ ያስችላል። ባለቤቴ እንፈርም ይላል፤ እትዬ ደግሞ ምሳዋን እኔ ዘንድ ትብላ ብለዋል። ለመጀመሪያው ዓመት የእትዬን ሐሳብ ተቀብለናል፤ ቅጹንም ሞልቼዋለሁ።