ሃያ ሦስቱ ወዳጆችና ፈረሳቸው
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በእንግሊዝ አገር የፈረስ እሽቅድምድም «የነገሥታት ጨዋታ» እየተባለ ሲጠራ ኖሯል። ፈረሱን ለማዋለድ፥ ለመቀለብና ለማሠልጠን የሚወጣው ገንዘብ ከመኳንንትና ከባለጸጎች በቀር ሌላው ሰው የሚደፍረው አልነበረምና። ዛሬ የማወጋችሁ ግን በሳምንት ዐሥር ዐሥር ፓውንድ እያዋጡ ወደዚህ የነገሥታት ጨዋታ ስለ ገቡ ሃያ ሦስት ወዳጆች ነው። ዘመኑን የምናገረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በደቡብ ዌልስ ኬቭን ፎረስት የሚባል መንደር አለ። የአካባቢው ሕዝብ ለብዙ ዘመን የኖረው የድንጋይ ከሰል በመቈፈር ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት ጕድጓዶቹ ተራ በተራ ሲዘጉ ሥራ ጠፋ፤ የቀረውም ጥቁር የአፈር ክምር ነበር። በዚሁ መንደር ሚስዝ ጃን ቮክስ የተባሉ ሴት በገበያ አዳራሽ ጽዳት እየሠሩ፥ በሠራተኞች ክበብም መጠጥ እየቀዱ ይተዳደሩ ነበር። ከዚያ በፊት እርግብና ውሻ በማርባት ቢታወቁም ስለ እሽቅድምድም ፈረስ ያላቸው ዕውቀት ጥቂት ነበር። አንድ ቀን ሚስተር ሃዋርድ ዴቪስ የተባሉ የግብር አማካሪ በክበቡ ውስጥ ስለ ፈረስ ሲያወሩ ሰሙና ከዚያ ዕለት ጀምሮ ይኸው ነገር ከልባቸው አልወጣም።

ሚስዝ ቮክስና ባላቸው ሩቤል የምትባል ባዝራ ከአራት መቶ ፓውንድ ባነሰ ዋጋ ገዙ። በ2001 ዓ. ም. ግንባሩ ቦራ የሆነ ዳማ ውርንጭላ ተወለደ፤ ያደገውም በዚያው በከሰል አፈር ክምር ላይ ባለች ትንሽ የአትክልት ቦታ ነው። ለማሠልጠኛው ገንዘብ ስላልነበረ ጎረቤትና ወዳጅ ተጠራርቶ፥ እንደ እኛ አገር ዕቁብ፥ በሳምንት ዐሥር ዐሥር ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ፈረሱንም ድሪም አሊያንስ፥ ማለት የሕልም ኅብረት፥ ብለው ሰየሙት። ፊሊፕ ሆብስ የተባሉ ስመ ጥር አሠልጣኝ ተቀበሉት፤ በ2004 ዓ. ም. ኒውበሪ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጥም አራተኛ ወጣ። ከዚያም ወዲህ አልፎ አልፎ ማሸነፍ ጀመረ።

ፈተናው የመጣው በ2008 ዓ. ም. ነው። በሊቨርፑል አጠገብ በኤይንትሪ ሜዳ ሲሮጥ የእግሩ ጅማት ተቈረጠ። እንዲህ ያለ ጕዳት የደረሰበት ፈረስ ብዙ ጊዜ በጥይት እንዲያርፍ ይደረጋል። ባለቤቶቹ ግን ፈረሱ ያገኘውን ሽልማት በመከፋፈል ፈንታ ለገዛ ሕክምናው ይዋል ብለው ተስማሙ። ሐኪሞቹ ከአጥንቱ መቅኔ ሕዋሳት ወስደው በላቦራቶሪ ካበዙ በኋላ ወደ ተጎዳው ጅማት መለሱለት። ይመለሳል ብሎ ዋስ የሚሆን ማንም አልነበረም፤ ገንዘቡ ግን በሺህ የሚቈጠር ነበረ። ክቡራን አድማጮች፥ የደሞዝ ሰው ሁሉ የዚህን ውሳኔ ክብደት ያውቀዋል።

ከአንድ ዓመት በላይ ካገገመ በኋላ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፥ ዲሴምበር 28 ቀን 2009 ዓ. ም.፥ በቼፕስቶው ሜዳ የዌልስ ናሽናል ተሰለፈ። ይህ እሽቅድምድም ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና ከሃያ በላይ መሰናክል ያለው፥ በክረምት ጭቃ የሚካሄድ ብርቱ ፈተና ነው። አወራራጆቹም ፈረሱን ስላልገመቱት ሃያ ለአንድ ሰጡበት። ቶም ኦብራየን የተባለው ጋላቢ ይዞት ገባ፤ ከሰል ክምር ላይ ያደገውም ፈረስ ከባለጸጎቹ ፈረሶች ቀድሞ አንደኛ ወጣ።

በ2010 ዓ. ም. በታላቁ ናሽናል ቢሰለፍም ሳይጨርስ ቀረ፤ በ2012 ዓ. ም. ከሩጫ ተሰናበተ። በዕድሜው ያገኘው ሽልማት ከ138 ሺህ ፓውንድ በላይ ነበር፤ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ ለእያንዳንዱ አባል የደረሰው ግን 1,430 ፓውንድ ያህል ብቻ ነው። ታሪካቸው በ2015 ዓ. ም. በዘጋቢ ፊልም፥ በ2020 ዓ. ም. ደግሞ በተዋናዮች ተሠርቶ ለዓለም ታየ።

እንግዲህ ትርፉ የቱ ነው ብንል፥ ያ ገንዘብ አይደለም። ሥራው በጠፋበት መንደር ሃያ ሦስት ሰዎች የሚጠብቁት ነገር አገኙ፤ የጠቀማቸው በወደቀ ጊዜም ዋጋውን ሳይሆን ውለታውን አስበው አነሡት። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያሉት ይህንኑ ነው።