የአልፋው ተኩላ ተረት በውሾች ላይ ያመጣው ጣጣ

በእንስሳት ጠባይ ላይ የሚሠሩ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በ2008 ስለ ቡችሎች ባወጣው የአቋም መግለጫ አንድ አስደንጋጭ ነጥብ አስፍሯል፦ ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች የሆኑ ውሾችን በመግደል አንደኛው ምክንያት ተላላፊ በሽታ ሳይሆን የጠባይ ችግር ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጠባይ እንዴት ይገድላል? ውሻው ይናከሳል፤ ወይም ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፤ ወይም ብቻውን ሲቀር በሩን ይቦጫጭራል። ባለቤቱ ይታገሣል፣ ይቆጣል፣ ይመታል። በመጨረሻም ለሌላ ሰው ይሰጠዋል ወይም ለውሾች ማቆያ ያስረክበዋል። ናካሽ ተብሎ የተመዘገበን ውሻ ወደ ቤቱ የሚወስድ ደግሞ ጥቂት ነው። የቀረውን መርፌ ይጨርሰዋል።

በዚህ መንገድ መሃል ያለችው «ይመታል» የምትል ቃል የራሷ ታሪክ አላት።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመን ውስጥ ኮንራድ ሞስት የተባለ የፖሊስ ሹም የፖሊስ ውሾችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1910 መመሪያ አሳተመ። ሞስት ሞኝ አልነበረም፤ ሽልማትም ሆነ ቅጣት በትክክለኛው ቅጽበት ካልመጣ ውሻው ምንም እንደማይማር ከብዙ ምሁራን ቀድሞ አይቷል። ነገር ግን በሰውና በውሻ መካከል ያለው ግንኙነት የበላይና የበታች ግንኙነት ነው፤ የበላይነቱም በጉልበት መረጋገጥ አለበት ብሎ ያምን ነበር። በሥልጠናው ውስጥ አለንጋም፣ ሹል ጥርስ ያለው የአንገት ማሰሪያም ቦታ ነበራቸው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጦር ሠራዊት አሠልጣኞች ወደ ሲቪል ኑሮ ሲመለሱ የካምፑን ዲሲፕሊን ወደ ሰው ሳሎን ይዘው ገቡ። ከእነሱ አንዱ ዊልያም ኬለር ነው። ለጦሩ ውሾች ሲያሠለጥን የቆየ፣ በኋላም ለዋልት ዲዝኒ ፊልሞች እንስሳት ያዘጋጀ ሰው ነው። በ1962 ባወጣው መጽሐፍ ጓሮ እየቆፈረ ላስቸገረ ውሻ የሰጠው መድኃኒት ጉድጓዱን በውኃ ሞልቶ የውሻውን ጭንቅላት እዚያው ውስጥ መንከር ነበር። መጽሐፉ በሰፊው ተሽጧል።

ጉልበቱ እንግዲህ ነበረ። የጎደለው ሳይንሳዊ ሽፋን ነበር፤ እሱ ደግሞ ከአንድ አጥር ውስጥ ተገኘ።

ስዊዘርላንዳዊው ሩዶልፍ ሼንከል በባዝል መካነ እንስሳት የተያዙ ተኩላዎችን ተመልክቶ በ1947 ጥናቱን አሳተመ። ያየው የማያባራ የሥልጣን ፍልሚያ ነው፤ በአናት ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ከእነሱ በታች ደግሞ ዕድል የሚጠብቁ ተፎካካሪዎች። ያየውን በትክክል ጽፏል። ችግሩ የት እንዳየው ነው። በዱር የተሸነፈ ተኩላ ትቶ ይሄዳል፤ በአጥር ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። የማይተዋወቁ ሰዎችን አንድ የእስር ቤት ክፍል ውስጥ ቆልፎ፣ ካቦውን አይቶ፣ «የሰው ልጅ ቤተሰብ እንዲህ ነው» ብሎ እንደ መጻፍ ነው።

አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜክ በ1970 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ተቀብሎ «አልፋ» የሚለውን ቃል በሰፊው አስተዋወቀ። ከዚያ ወዲያ ቃሉን የሚያቆመው አልተገኘም። በ1978 በኒውዮርክ ግዛት የሚገኘው የኒው ስኬት ገዳም መነኮሳት፣ የጀርመን እረኛ ውሾችን በማርባት የታወቁት፣ ስለ ውሻ አስተዳደግ መጽሐፍ አወጡ። አጥፊውን ውሻ በጀርባው ገልብጦ መሬት ላይ መጫን የሚለው ቅጣት በዚያ መጽሐፍ በኩል በብዙ ቤት ገባ። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ሲዛር ሚላን በናሽናል ጂኦግራፊክ ቴሌቪዥን ባለቤቱ «የመንጋው መሪ» መሆን አለበት የሚለውን ትምህርት በየሳምንቱ ለሚሊዮኖች አደረሰ።

ያኔ ግን ሜክ ራሱ ሐሳቡን ከለወጠ ቆይቷል። ከ1986 ጀምሮ በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኤልስሜር ደሴት፣ የዱር ተኩላዎችን በየበጋው ከቅርብ ሆኖ ሲያይ አልፋ የሚባል አምባገነን አላገኘም። ያገኘው አባት፣ እናትና ልጆች ነው። በ1999 ባወጣው ጽሑፍ የተለመደው የተኩላ መንጋ ቤተሰብ መሆኑን፣ «አልፋ» የተባሉትም ወላጆች መሆናቸውን አስረዳ። ልጆቹ ሲጎለምሱ አባታቸውን ከዙፋን አይጥሉም፤ ሄደው የራሳቸውን ጎጆ ይቀልሳሉ። በእኛው በባሌ ተራሮች ያለው ቀይ ቀበሮም ቢሆን በቤተሰብ የሚኖር ነው፤ ወንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ በተወለዱበት መንጋ ይቀራሉ፣ ግልገል በማሳደጉም ሁሉም ያግዛሉ። ውሻ ደግሞ ከተኩላ ከተለየ ከ14,000 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ተኩላው ጥሩ ምሳሌ ነው ቢባል እንኳ።

ተረቱ ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘው ሁሉን ነገር ስለሚያብራራ ነው። ውሻው ሶፋ ላይ ወጣ? ሥልጣን ፈልጎ። ከበር ቀድሞ ወጣ? ሥልጣን ፈልጎ። ምግቡን ሲነኩበት አጉረመረመ? ይኼማ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነው። እንዲህ የሚያስብ ባለቤት ማጉረምረሙን ይቀጣል፤ ቅጣቱም የሠራ ይመስላል፣ ውሻው ዝም ይላልና። «የሚጮኽ ውሻ አይናከስም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለው፤ የሚያጉረመርም ውሻ ገና አልነከሰም፣ እያስጠነቀቀ ነው። ማስጠንቀቂያው ሲቀጣ የሚጠፋው ድምፁ እንጂ ፍርሃቱ አይደለም። በሌላ ቀን ያው ውሻ «ያለ ምንም ምልክት» የቤቱን ልጅ ይነክሳል፤ ቤተሰቡም ወደ ማቆያው ስልክ ይደውላል።

በ2009 የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 140 የውሻ ባለቤቶች የሰጡትን ምላሽ አሳተሙ። ውሻቸውን ከመቱ ወይም ከረገጡ ባለቤቶች 43 በመቶው በምላሹ ቁጣ ገጥሟቸዋል። በጀርባው ገልብጠው ከጫኑት ደግሞ 31 በመቶው። ውሻውን ያረጋጋል የተባለው ዘዴ ውሻውንም ባለቤቱንም አደጋ ላይ ጥሏል ማለት ነው።

ሌላው መንገድ ግን ቀድሞም ነበረ፤ የሚሄድበት ሰው ነው ያነሰው። በ1924 አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሜሪ ከቨር ጆንስ ጥንቸል ሲያይ የሚንቀጠቀጥን ፒተር የተባለ ትንሽ ልጅ ረዳች። አልተቆጣችውም፣ በግድ አላስነካችውም። የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉ በሩቅ ይመጣል፤ ልጁ ሲለምድ ጥቂት ይጠጋል፤ በመጨረሻ ራሱ ይደባብሰው ጀመር። ዛሬ እንግዳ የሚፈራ ውሻን የሚረዳ ባለሙያ የሚያደርገው በመሠረቱ ይህንኑ ነው። እንግዳው ውሻው በማይደነግጥበት ርቀት ይቆማል፣ ቁራጭ ሥጋ ይመጣል፤ እንግዳው ይሄዳል፣ ሥጋውም ይቆማል። ርቀቱ በቀናት፣ አንዳንዴም በወራት ይጠባል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ለቴሌቪዥን አይመችም።

ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ1951 ሳይንቲፊክ አሜሪካን በተባለው መጽሔት ላይ ማንም ሰው ውሻን በትንሽ ድምፅና በምግብ እንዴት ማስተማር እንደሚችል ጻፈ። ተማሪዎቹ ማሪያንና ኬለር ብሬላንድ በዚያው ትምህርት ኩባንያ አቋቁመው ከ100 በላይ የእንስሳት ዝርያዎችን አሠለጠኑ። የውሻው ዓለም ግን ብዙም አልሰማቸውም። ሐሳቡ ወደ ውሻው የደረሰው በባሕር በኩል ዞሮ ነው። ካረን ፕራየር በሃዋይ ዶልፊን ታሠለጥን ነበር፤ ዶልፊን ደግሞ በማሰሪያ አይጎተትም፣ ከተከፋ ዋኝቶ ይሄዳል። ስለዚህ ያለው አማራጭ ሥራውን ማስወደድ ብቻ ነው። በ1984 ያሳተመችው መጽሐፍ ይህን ትምህርት ለሰፊው ሕዝብ አቀረበ። በዚያው አሥር ዓመት እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ደንባር ካሊፎርኒያ ውስጥ ቡችሎች ሳይታሰሩ እየተጫወቱ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ከፈተ። እስከዚያ ድረስ ውሻ ስድስት ወር ሳይሞላው ሥልጠና አይጀምርም ነበር፤ ምክንያቱ ደግሞ ቡችላ የዚያን ሥልጠና ጉልበት አይችልም የሚል ነው። ይህ ስለ ዘዴው ራሱ ብዙ ይናገራል።

ማስረጃው ከዚያ ወዲያ እየከበደ ሄዷል። በ2020 የወጣ የፖርቱጋል ጥናት ከ7 ማሠልጠኛዎች የመጡ 92 ውሾችን መርምሮ፣ በቅጣት የሚማሩት በሥልጠና ሰዓት በምራቃቸው ውስጥ ያለው የጭንቀት ሆርሞን ከፍ እንደሚል አሳየ። በዚያው ዓመት በእንግሊዙ የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ዳንኤል ሚልስና ባልደረቦቹ፣ ለጠባይ ችግር ወደ ባለሙያ ከሚላኩት እንስሳት በትንሹ ወደ አንድ ሦስተኛው ሕመም እንዳለባቸው ገመቱ። ጥጋበኛ የተባለው ውሻ ጥርሱ ወይም ዳሌው የሚያመው ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው አሁን ጥሩ ባለሙያ ሲጠራ የመጀመሪያ ጥያቄው «ሐኪም አይቶታል?» የሚሆነው።

ዌልስ በ2010 በኤሌክትሪክ የሚነዝር የአንገት ማሰሪያን በሕግ ከለከለች። የአሜሪካው ሐኪሞች ማኅበርም በ2021 ለማንኛውም የጠባይ ችግር በሽልማት ላይ የተመሠረተ ሥልጠና ብቻ እንዲሠራ መከረ። የኒው ስኬት መነኮሳት በ2002 ባወጡት አዲስ እትም ውሻ ገልብጦ መጫንን ትተውታል። ሜክ ደግሞ የ1970ው መጽሐፉ ዳግም እንዳይታተም አሳታሚውን ለዓመታት ሲለምን ኖረ። በመጨረሻ ኅትመቱ ቆሟል፤ አሮጌዎቹ ቅጂዎች ግን አሁንም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ።